የጠቈረው ስክሪን ታሪክ፤ የሊኑክስ ማሳያ ድራይቨሮችና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች

መግቢያ

አንድ ኮምፒዩተር ሲበላሽ ተጠቃሚው በመጀመሪያ የሚያየው ስክሪኑን ነው። ማሽኑ የሚያስብበት ክፍል ደኅና ቢሆን፣ በዲስኩ ላይ የተጻፈውም ሥራ አንድ ፊደል ሳይጐድልበት ቢቀመጥ፣ ስክሪኑ ከጠቈረ ኮምፒዩተሩ ለባለቤቱ እንደ ሞተ ይቈጠራል። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ «ተበላሽቷል» ተብለው አቧራ ከለበሱት ኮምፒዩተሮች መካከል ጥቂት የማይባሉት ሕመማቸው ከዚህ ያለፈ አይደለም።

ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ዘንድ ይህ ጉዳይ ረዥም ታሪክ አለው። ሊኑክስ ዛሬ አብዛኛውን የዓለም ሰርቨር ያንቀሳቅሳል፤ አንድሮይድ የተባለው የስልክ ሥርዓትም የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። እንዲህም ሆኖ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን ከሁሉ አብልጦ ሲያስቸግር የኖረው የማሳያው ነገር ነው። አንዱ ማሽን ገና ሲነሣ ይጠቁራል፤ ሌላው ሥዕሉን አሳንሶና አደብዝዞ ያሳያል፤ ሦስተኛው ከእንቅልፍ ሲቀሰቀስ ብርሃኑ አይመለስም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የማሳያውን ሥርዓት ታሪክ ባጭሩ ተርኮ፣ ታሪኩ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለሚሠራ ባለሙያ ምን እንደሚጠቅመው ማመልከት ነው። መነሻ ሐሳቡም ይህ ነው፤ የአንድ ግራፊክስ ካርድ ዕድሜ የሚወሰነው በብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ካርዱን ማዘዝ የሚያስችለው ዕውቀት በማን እጅ እንዳለ ጭምር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ማሽኑ የሚመጣበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይገባል፤ ከዚያም በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ባኮ፣ ወደ ወለጋም ይዘልቃል። አምቦ በማዕድን ውኃዋ ብቻ ሳይሆን በትምህርትም የቈየ ስም ያላት ከተማ ናት። በ1947 በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው ተቋም በየጊዜው እያደገ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ኮምፒዩተሩም ወደ እነዚህ ከተሞች የሚመጣው በዚሁ ጎዳና ነው። ሆኖም ከሚመጡት ማሽኖች ብዙዎቹ አዲስ አይደሉም። በሌላ አገር ወይም በሌላ ከተማ ዘመናቸውን አገልግለው፣ ታድሰውና ተጠግነው የሚደርሱ ናቸው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2005 በደብሊን ከተማ የተመሠረተው ካማራ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ካማራ በአየርላንድ መሥሪያ ቤቶች የተተዉ ኮምፒዩተሮችን ሰብስቦ፣ በሊኑክስ ቤተሰብ ከሆነው ከኡቡንቱ የተዘጋጀ የትምህርት ሶፍትዌር ጭኖ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአፍሪካ አገሮች ትምህርት ቤቶች ሲልክ ቈይቷል። የኡቡንቱ አዘጋጆችም በበኩላቸው ከ2005 እስከ 2011 ድረስ ለጠየቃቸው ሁሉ የመጫኛውን ሲዲ ያለ ክፍያ በፖስታ ይልኩ ነበር። ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን አንድ ተማሪ ሙሉ የኮምፒዩተር ሥርዓት በፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ማግኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1990ዎቹ የተወለድነው የምዕራብ ሸዋ ተማሪዎች ግን ከትልቅ ስክሪን ጋር የተዋወቅነው ከኮምፒዩተር በፊት በፕላዝማ ነው። ከ2004 ጀምሮ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። ስክሪኑ በበራ ቀን ትምህርቱ ይካሄዳል፤ በጠቈረ ቀን ግን መምህሩም ተማሪውም አብረው ይቀመጣሉ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ሕመሙን ለመመርመር የሚያስችል ሰነድም ሆነ መለዋወጫ ያለው ሰው አይገኝም ነበርና። በግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ዕቃ ብረቱ የእኛ፣ ምሥጢሩ ግን የሌላ ነበር። ይህ ሁኔታ በግራፊክስ ካርድ ላይ እንዴት እንደ ተደገመ ለማየት ወደ ጀማሪዎቹ መመለስ ይገባል።

ሁለት ሥራዎች በሁለት አገሮች

በ1984 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሮበርት ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ የተባሉ ባለሙያዎች ኤክስ የሚባለውን የማሳያ ሥርዓት ጀመሩ። ከእርሱ በፊት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደብልዩ የሚባል ሥርዓት ስለ ነበረ፣ አዲሱ በፊደል ተራ ቀጥሎ በሚገኘው ስም ተጠራ። የሥራው ዓላማ ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የወጡ ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት የማሳያ ቋንቋ እንዲናገሩ ማድረግ ነበር። አሥራ አንደኛው እትም በ1987 ወጣ፤ ዛሬም ድረስ በዚሁ ቍጥር ይታወቃል።

በ1991 ደግሞ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የራሱን ከርነል ጽፎ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው አቀረበ። ከርነል ማለት የኮምፒዩተሩን ብረታ ብረት ሁሉ የሚያስተዳድር የሥርዓቱ እምብርት ነው። በ1992 ኤክስ በሊኑክስ ላይ እንዲሠራ ሆነ፤ በዚያው ዓመትም ኤክስፍሪ86 የሚባለው ማኅበር ሥራውን ጀመረ። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ በገበያ ላይ ለነበሩት ካርዶች አንድ በአንድ ድራይቨር ይጽፉ ነበር። ድራይቨር በሥርዓቱና በካርዱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው፤ የካርዱን ቋንቋ ካላወቀ ሊያስተረጕም አይችልም።

በዚያ ዘመን ሊኑክስን በስክሪን ላይ ማየት የፈለገ ሰው የሞኒተሩን አግድም ድግግሞሽ በኪሎ ኸርዝ፣ ቀጥ ያለውን ድግግሞሽ በኸርዝ እየቈጠረ በአንድ ፋይል ውስጥ በእጁ መጻፍ ነበረበት። ቍጥሩ ከተሳሳተ ምስሉ ይንሸራተታል፤ እጅግ ከተሳሳተም የዚያ ዘመን ባለ መስተዋት ቱቦ ሞኒተር ሊቃጠል እንደሚችል መመሪያው ራሱ ያስጠነቅቅ ነበር። ነገሩን ያቀለለው በ1994 የወጣው ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት መሠረት ሞኒተሩ ማን እንደ ሠራው፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነና ምን ምን ልክ ማሳየት እንደሚችል በ128 ባይት መታወቂያ ጽፎ በኬብሉ በኩል ለኮምፒዩተሩ ያስታውቃል።

ይህ ጥንታዊ የሚመስል ታሪክ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በአንዱ በሚገኝ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ የስክሪኖቹ ልክ 1024 በ768 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር። ሊኑክስ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ተጫነ፤ ለውጥ አልመጣም። ጥፋቱ የተገኘው አዲሱን የካርድ መውጫ ከአሮጌው ሞኒተር ጋር በሚያገናኘው ርካሽ መለወጫ ላይ ነው። መለወጫው ሥዕሉን ያሳልፋል፤ የሞኒተሩን መታወቂያ ግን ወደ ኋላ አያደርስም። ሥርዓቱም ከማን ጋር እንደሚነጋገር ስላላወቀ ለሁሉም ይሆናል ባለው ዝቅተኛ ልክ ላይ ቆመ። የ1994ን ስምምነት የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው ኬብሉን ነው።

ዕውቀቱ በማን እጅ ነው?

የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ የተወለደው ከድራይቨር ጠብ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በ1980 ገደማ በዚያው በማሳቹሴትስ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ዜሮክስ የሰጣቸው ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝበት ለተጠቃሚው እንዲያስታውቅ ለማድረግ ፈለገ። ነገር ግን የፕሮግራሙን ምንጭ የያዘው ሰው ለሌላ ላለመስጠት ቃል ገብቶ ስለ ነበር ከለከለው። ስቶልማን በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ ሲያውጅ ይህ ገጠመኝ ከልቡ አልወጣም ነበር።

በግራፊክስ ካርድ ዘንድ ጠቡ እየሰፋ ሄደ። ካርዶቹ ጠፍጣፋ ሥዕል ከማሳየት አልፈው ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ማስላት ሲጀምሩ ውስጣቸው እጅግ ተወሳሰበ፤ ፋብሪካዎቹም የካርዱን ቋንቋ እንደ ንግድ ምሥጢር ይዘውት ቀሩ። ኤንቪዲያ ለሊኑክስ ድራይቨር ማቅረብ ሲጀምር ያቀረበው የተዘጋ ነበር፤ ይሠራል፣ ፈጣንም ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ማንም አያይም። በአንጻሩ ኢንቴል በኮምፒዩተሩ ውስጥ ለሚዋሐደው ግራፊክስ የድራይቨሩን ምንጭ ክፍት አደረገ። ኤኤምዲም በ2006 ኤቲአይ የተባለውን የካርድ ፋብሪካ ከገዛ በኋላ፣ በ2007 የካርዶቹን ሰነድ ለሕዝብ መልቀቅ ጀመረ።

ኤንቪዲያ ባልሰጠው ሰነድ ፈንታ ኑቮ የሚባል የበጎ ፈቃድ ሥራ ተነሣ፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው። ሠራተኞቹ የተዘጋው ድራይቨር ለካርዱ የሚልከውን ትእዛዝ እየተከታተሉና እየመዘገቡ፣ የካርዱን ቋንቋ ከአፉ እየሰሙ ተማሩት። ሥራቸው በ2010 የሊኑክስ ከርነል አካል ሆነ። ይሁን እንጂ በመስማት የተማሩት ቋንቋ ጕድለት አለው። ፋብሪካው ከ2014 በኋላ ባወጣቸው ብዙ ካርዶች ላይ የራሱን ፊርማ ያልያዘ ትእዛዝ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ እንዳይችል ስላደረገ፣ በእነዚህ ካርዶች ላይ ኑቮ ስክሪኑን ቢያበራም ዝግ ብሎ ይሄዳል።

የጕዳዩ ክብደት የሚታየው ካርዱ ሲያረጅ ነው። በ2010 ፌርሚ በሚል ስም ለወጡት ካርዶች ፋብሪካው የሚሰጠው የተዘጋ ድራይቨር በ2022 መጨረሻ ድጋፉ ተቋረጠ፤ ከእነርሱ ለሚቀድሙት ደግሞ በ2019 መጨረሻ። ከርነሉ በየጥቂት ወሩ ስለሚታደስ፣ የተቋረጠው ድራይቨር ከአዲሱ ከርነል ጋር መግባባት ያቅተዋል። በሀብታም አገር ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ካርድ የመግዣ ምክንያት ነው። ከሌላ ሰው እጅ የወጣ ማሽን ለተቀበለ የጉደር ወይም የጌዶ ትምህርት ቤት ግን ብረቱ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚመጣ ሞት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዝግ ብሎም ቢሆን ስክሪኑን የሚያበራው ኑቮ ነው። የኢንቴል ግራፊክስ ያላቸው አሮጌ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ እንደ ተጫነባቸው ያለ ምንም ልመና የሚነሡት ድራይቨራቸው ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ነው።

በ2012 ሊኑስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ስብሰባ ላይ ኤንቪዲያን በኃይለ ቃል መንቀፉ ዓለም የሰማው ነገር ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ኤንቪዲያ ከ2018 ወዲህ ለወጡት ካርዶቹ የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ምንጭ ገለጠ። ይህ መልካም ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ዕቃ ቤቶች ውስጥ ለሚገኙት ካርዶች አብዛኞቹ የዘገየ ነበር።

ከርነሉ ስክሪኑን ሲረከብ

እስከ 2009 ድረስ ሊኑክስ ሲነሣ ጽሑፉን የሚያሳየው ከርነሉ ነበር፤ ሥዕሉን ለማሳየት ግን ኤክስ ራሱ ከርነሉን አልፎ ካርዱን ያዝዝ ነበር። አንድን ካርድ ሁለት ጌቶች ሲያዙት ግጭት ይነሣል፤ ከሥዕል ወደ ጽሑፍ ሲመለሱ ስክሪኑ ይሰነጣጠቅ ወይም ይጠቁር የነበረው ስለዚህ ነው። በመጋቢት 2009 በወጣው 2.6.29 በተባለው ከርነል የስክሪኑን ልክ የመወሰን ሥልጣን በመጀመሪያ ለኢንቴል፣ ቀጥሎም ለሌሎቹ ካርዶች ወደ ከርነሉ ተላለፈ።

ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ስክሪኑ ቶሎ ይበራል፣ ሽግግሩም ለስላሳ ነው። ጕዳቱ ደግሞ ከርነሉ ከካርዱ ጋር ካልተግባባ ስክሪኑ ገና ከጅምሩ መጥቈሩና የስሕተቱ መልእክት እንኳ አለመታየቱ ነው። ለዚህ የተዘጋጀው መውጫ ኖሞድሴት የሚባለው ቃል ነው። ማሽኑ ሲነሣ በግራብ ዝርዝር ላይ በሚታየው የመነሻ ትእዛዝ ጫፍ ይህ ቃል ሲጻፍ፣ ከርነሉ የካርዱን ልዩ ድራይቨር ትቶ የማሽኑ ፈርምዌር ባዘጋጀለት ቀላል ማሳያ ይሠራል። አንዳንዶች በዚህ መንገድ ስክሪኑ ሲበራላቸው ችግሩ እንደ ተፈታ ቈጥረው ለዘለቄታው ይተዉታል። ኖሞድሴት ግን መመርመሪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ካርዱ ሙሉ ኃይሉን ሳያወጣ፣ ፊልሙ እየተቈራረጠ ይቀራል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

አምቦ በዕፅዋት ጥበቃ ምርምርም የታወቀች ናት። የዕፅዋት ሐኪም ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲያገኘው ወዲያው መድኃኒት አይረጭም፤ ሥሩን፣ አፈሩን፣ ግንዱን በተራ ያያል፤ የአንድ ቢጫ ቅጠል ምክንያቱ ብዙ ነውና። የጠቈረ ስክሪንም እንዲሁ ነው። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ሥራም ይስማማል። ከላይ የተተረከው ታሪክ ለምርመራው ደረጃ ይሰጠዋል፤ ከታች የተሠራው ከታች ይመረመራል።

በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ፣ ኬብሉና ሞኒተሩ ይታያሉ። ማሽኑ ሲነሣ የፋብሪካው አርማ እንኳ ካልታየ ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም። አርማው ታይቶ በኋላ ከጠቈረ ወደ ግራብ ዝርዝር ተመልሶ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ይገባል፤ በእርሱ ከተነሣ ችግሩን ያመጣው አዲሱ አፕዴት ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ በኖሞድሴት ይሞከራል።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጭኖ የጽሑፍ ስክሪን መምጣቱ ይታያል። ከመጣ ከርነሉና ካርዱ እየተነጋገሩ ነው ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከእነርሱ በላይ ባለው ክፍል ይፈለጋል። በዚያው በጽሑፍ ስክሪን ላይ ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትእዛዝ ካርዱ ማን እንደ ሆነና የትኛው ድራይቨር እንደ ያዘው ይናገራል፤ ጆርናልሲቲኤል ደግሞ ያለፈውን አነሣስ መዝገብ ያወጣል። በዚህ መዝገብ ውስጥ ካርዱ የሚፈልገው ፈርምዌር አልተገኘም የሚል ቃል ከተነበበ መድኃኒቱ ታውቋል። የተዘጋ ድራይቨር ተጭኖ ሳለ ከርነሉ ያልተፈረመ ነው ብሎ ከመለሰው ደግሞ የማሽኑ ሴኪዩር ቡት የተባለው ጥበቃ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያለው ደረጃ የኤክስ ወይም የዌይላንድ ነው። ዌይላንድ በ2008 የተጀመረ፣ ኤክስን እየተካ ያለ አዲስ ሥርዓት ነው። ኤክስ የራሱን መዝገብ ስለሚጽፍ፣ በመዝገቡ ውስጥ የስሕተት ምልክት ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ለይቶ ማንበብ ጊዜ ያተርፋል። ሁለቱም ሥርዓቶች በተጫኑበት ማሽን ላይ ተጠቃሚው ሲገባ አንዱን በሌላው ለውጦ መሞከር ይችላል። በሁሉም ደረጃ የሚጠበቅ ሕግ ግን አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና የተለወጠውን መጻፍ። አምስት ነገር ባንድ ላይ ለውጦ ስክሪኑ የበራለት ሰው የትኛው እንዳበራለት ስለማያውቅ፣ ለሚቀጥለው ማሽን የሚተርፈው ዕውቀት የለውም።

መስመር ሲቋረጥ

በከተሞቻችን የድራይቨር ጥያቄ ከኢንተርኔትና ከመብራት ጥያቄ ተለይቶ አይታይም። በሰኔ 2020 መጨረሻ የአምቦ ተወላጅ የሆነው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለ3 ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ኀዘንና ሁከት ጋር ሲነጻጸር የኮምፒዩተር ድራይቨር ጕዳይ እጅግ ትንሽ ነው። ሆኖም ባለሙያው ከሁኔታው የሚማረው አለ። በእንዲያ ያለ ወቅት ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር በሲዲው ወይም በፍላሹ ላይ አብሮ የመጣለት ማሽን ሥራውን ይቀጥላል። ድራይቨሩ ከሩቅ የሚወርድለት ማሽን ግን መስመር እስኪመለስ ጨለማ ሆኖ ይጠብቃል።

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ቤተሰብ ለረዥም ጊዜ በመርሕ ምክንያት የተዘጉ ፈርምዌሮችን ከመጫኛው ውጭ ያኖር ነበር። አባላቱ በ2022 በድምፅ ብልጫ ወስነው፣ በ2023 በወጣው 12ኛው እትም ፈርምዌሩ ከመጫኛው ጋር አብሮ እንዲመጣ አደረጉ። ስለ ነጻነት የሚከራከሩ ወገኖች ውሳኔውን እንደ ማፈግፈግ ቢያዩትም፣ ኢንተርኔት ለማያስተማምነው ሰው ግን በበራና በጠቈረ ስክሪን መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የመብራት መቋረጥም የራሱ በሽታ አለው። ከርነሉ አፕዴት እየተደረገ ሳለ መብራት ከጠፋ፣ ማሽኑ ሲነሣ የሚፈልገው የመነሻ ፋይል ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ይቀራል፤ በማግሥቱ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ካርዱም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ብዙዎቹ የሊኑክስ ቤተሰቦች የቀድሞውን ከርነል ስለማይደመስሱ፣ በእርሱ ተነሥቶ የተቋረጠውን አፕዴት ማስጨረስ በቂ ነው።

የወንጪ ሕፃናት

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ የወንጪ ሐይቅ ይገኛል። «ለአንድ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2012 በወንጪና በስምጥ ሸለቆ በምትገኘው በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶችን ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር አደለ። ኤክስን ከጀመሩት አንዱ የሆነው ጂም ጌቲስ በዚህ ድርጅት የመጀመሪያ ዓመታት የሶፍትዌር ሥራ ኃላፊ ነበረ፤ የታሪኩ ክር እስከ እኛ ተራሮች ይደርሳል ማለት ነው።

ታብሌቶቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ከርነል ላይ በቆመው በአንድሮይድ ነበር። አዘጋጆቹ ሕፃናቱ የስክሪኑን አቀማመጥ እንዳይለውጡ በሶፍትዌር ቈልፈውት ነበር፤ ካሜራውም ሳይሠራ ቀርቶ ነበር። ድርጅቱ በዚያው ዓመት እንዳስታወቀው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሕፃናቱ ቍልፉን አልፈው እያንዳንዱ ስክሪኑን እንደ ወደደው አሰናድቶ፣ ካሜራውንም አሠርቶ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ መምህር አያስፈልግም የሚል ትምህርት ማውጣት ስሕተት ነው። የሚወጣው ትምህርት ሌላ ነው። የቅንብሩ በር በእጃቸው ሊከፈት የሚችል ስለ ነበረ የመንደር ልጆች ከፈቱት። የችሎታ ድኻ የሆነ አገር የለም፤ የሚለየው የመሣሪያው በር መከፈቻ ያለው መሆኑና አለመሆኑ ነው። በተዘጋ የፋብሪካ ምሥጢር ፊት ግን የወንጪ ሕፃንም፣ የተመረቀ መሐንዲስም እኩል ይቆማሉ።

ፊደሉ፣ የመጨረሻው ደረጃ

በመጨረሻ፣ ካርዱም ድራይቨሩም ደኅና ሆነው ጽሑፉ የማይነበብበት ጊዜ አለ። በምዕራብ ሸዋ መሥሪያ ቤቶች ከ1991 ወዲህ በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞና በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ጎን ለጎን ይገኛሉ። አዲስ በተጫነ ሊኑክስ ላይ የቁቤው ጽሑፍ ጥርት ብሎ እየታየ አማርኛው ባዶ ሣጥን ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ድራይቨሩን ይከሳል። ጕድለቱ የፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3ኛው እትም፣ በ345 ምልክቶች ነው፤ ከዚያ ወዲህ አቢሲኒካን የመሰለ ነጻ ፎንት መጫን ብቻ ይበቃል።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት በእነ ቪዥዋል ግዕዝና በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተጻፉት ደብዳቤዎች ግን ሌላ ናቸው። እነዚህ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው ለፊደሉ የራሳቸውን ቍጥር ስለ ሰጡት፣ ጽሑፉ በሊኑክስ ላይ ሲከፈት የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደል ይሆናል። የካርዱ ታሪክ እዚህም ይደገማል፤ ስምምነቱ የጋራ በሆነበት ቦታ ጽሑፉ ይነበባል፤ አንዱ ለብቻው በያዘበት ቦታ ጽሑፉ ከሶፍትዌሩ ጋር ያረጃል።

ማጠቃለያ

ክፍት የሆነ ሁሉ ለዘላለም ይኖራል ማለት አይደለም። በ2023 በወጣው 6.3 በተባለው ከርነል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለነበሩ አንዳንድ ካርዶች የተጻፉ ክፍት ድራይቨሮች ተወግደዋል፤ ምክንያቱም የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም። ልዩነቱ፣ የተዘጋው ድራይቨር ሲሞት የሚያነሣው ሲጠፋ፣ ክፍቱ ግን ምንጩ ተቀምጦለት የሚያነሣውን ሰው መጠበቁ ነው። ጠባቂ የመሆኑ ፈንታ የባለሙያዎች ነው።

ስለዚህ የሙያ ጓዶች ሊፈጽሟቸው የሚችሉ ሦስት ቀላል ሥራዎች አሉ። አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲቀበል የካርዱ ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ። ሁለተኛ፣ የመጫኛውንና የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች፣ ፈርምዌሮችና ፎንቶች ቅጂ በየከተማው በአንድ ዲስክ ላይ ማኖር፤ መስመር በተቋረጠ ጊዜ ከአምቦ እስከ ባኮ ያለ ባለሙያ ከቅርቡ እንዲያገኘው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የተጠገነ ስክሪን ምን እንደ ነበረበትና በምን እንደ ዳነ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጽፎ ለተከታዩ ማስተላለፍ። በፕላዝማው ዘመን ከመምህሮቻችን እጅ የጐደለው ይህ የተጻፈ ዕውቀት ነበር። ዛሬ ግን ለሊኑክስ ማሽን በአብዛኛው ይገኛል፤ የሚቀረው ሰብስቦ መያዝና ለሚያስፈልገው ማድረስ ነው።